በረኪና የበላው ሰንሰለት

የጡረታ ፎርም የምትሞላልኝ ልጅ «የሥራ መደብ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ልጅ አዟሪ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አባባ፣ እየቀለዱ ነው?» አለች። ምን ቀልድ አለው! መሐል ሜዳ ከተማ ስንትና ስንት ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጬ ሳዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። በመጨረሻ «መካኒክ» ብላ ጻፈች፣ እኔም ፈረምኩ። የደመወዙንና የወረቀቱን ነገር በዚሁ ልዝጋው፤ ከወረቀት ጋር ተዋደን አናውቅም።

ሥራ የጀመርኩት ደብረ ብርሃን፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ጎማ ነፋሁ፣ ቀጥሎ ፍሬን ሠራሁ። እጄን የገሩልኝ ጋሽ እንደሻው የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ የሚል ሰው ነበሩ። የጓሳ ብርድ ያሳደጋቸው መንዜ ናቸውና ከደረት ኪሳቸው አንድ ጭብጥ የበግ ጠጉር አይጠፋም ነበር። እኛ አዲስ ገቢዎቹ «ጋሽ እንደሻው በርኖስ ሊያሠሩ ነው» እያልን ከኋላቸው እንሥቅ ነበር።

አንድ ቀን የመኪና መጎተቻ የብረት ገመድ ፊቴ ዘርግተው «ደህና ነው?» አሉኝ። አየሁት፣ ዳበስኩት፣ «ደህና ነው» አልኩ። ጠጉሩን ከኪሳቸው አወጡና ከገመዱ ጫፍ ጀምረው ለቀቅ አድርገው ሳቡት። መሐሉ ላይ ሲደርስ ጠጉሩ ተያዘ። ጎንበስ ብዬ ባይ አንዲት ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ ጫፏ ወጥቷል። «ዓይን ይሸነገላል፣ የለመደ እጅም ይሰንፋል» አሉኝ፤ «ይሄ ግን ማንንም አያፍርም።»

ሌላም አመል ነበራቸው። «ጋሼ፣ ይሄኛው ታይቷል» ካልካቸው ዝም ብለው ያዩህና «ማን አየው?» ይላሉ። ስም ካልጠራህ ሥራው ካንደኛ ይጀመራል። «እኔ አየሁት» እስክትል መኪናው ንቅንቅ አይልም። ያኔ ሽማግሌው አበዙት ብዬ ስንቴ አጉረመረምኩ! ጆሯቸውም ጉድ ነው፤ ሞተር ሲነሣ ጀርባቸውን ይሰጡታል። ፊቱን ካዩ ድምፁን እንደማይሰሙ ይናገሩ ነበር። እኔም ያንን አመል ወረስኩ፣ ከጠጉሩም ቆንጥሬ ወሰድኩ።

ከደብረ ብርሃን ዓለም ከተማ ሄድኩ፤ የእህል ወፍጮ ሞተር ጠባቂ ሆኜ። ባለ ወፍጮው የተበላ ቺንጋ፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን ቀበቶ፣ በሽቦ እየሰፋ የሚያስፈጭ ሰው ነበር። «ይሄ ቺንጋ አንድ ቀን የሰው ፊት ይገርፋል» ብዬ ብነግረው «አንተ አሟርተኛ» አለኝ። አፌ አያርፍ፣ መለስኩለት፤ ተጣላንና ጓዜን ይዤ ወጣሁ።

ያኔ ነው መሐል ሜዳ የመጣሁት። የከተማው ነጋዴዎችና መምህራን ማኅበር መሥርተው የልጆች መጫወቻ ከፍተው ነበር። ሸርተቴ አለ፣ ዥዋዥዌ አለ፣ የግቢው ጌጥ ግን ማዞሪያው ነው። መሐል ላይ ወፍራም የብረት ምሰሶ ቆሟል፤ አናቱ ላይ ከሚዞረው ትልቅ ክብ አሥራ ሁለት ወንበሮች፣ እያንዳንዳቸው በአራት ሰንሰለት ተንጠልጥለዋል። የወፍጮ ሞተር ገጥሜለት በቺንጋ አዞረዋለሁ። ፍጥነት ሲይዝ ወንበሮቹ ወደ ውጭ ይበተናሉ፣ ልጆቹ ይጮሃሉ፣ እናቶች «ኧረ በማርያም!» ይላሉ። አንዱ መዞር አሥር ዙር ነው።

ቲኬት የምትቆርጠው ዘነበች ነበረች። የሞላሌ ልጅ ናት፤ ሴት ልጇን ቃልኪዳንን ብቻዋን ታሳድጋለች። አንድም ቀን «ጋሼ፣ እርስዎ» ሳትል ጠርታኝ አታውቅም፤ መስደቡን ግን በእርስዎም ታውቅበታለች። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ከሞተሩ ይልቅ ያጨሳሉ» ትለኝ ነበር ስናደድ። ጠዋት ጠዋት ግቢው ሳይከፈት ጠጉሬን ይዤ አርባ ስምንቱን ሰንሰለት አያለሁ፤ እሷ «ታይቷል?» ትላለች፣ እኔ «አይቻለሁ» እላለሁ፣ በሩ ይከፈታል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ኮሮና መጣ ተባለና ግቢው ተዘጋ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ወረደበት፣ ሣሩ ወንበሮቹን ደረሰ። ባለቤቴ አስም አለባት፤ ሬዲዮው የመተንፈሻ አካል ባለ ቁጥር እሷ እኔን ታያለች፣ እኔ መሬት አያለሁ። ከሰው ሸሸሁ። ከልቅሶ ቤት እንኳ ራቅ ብዬ ቆሜ የምመለስ ሰው ሆንኩ፤ ይሄ ለመንዝ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ትምህርት ቤት ሲከፈት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ደረጀ ጠራኝ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣ ክፉ ሰውም አይደለም፤ ስምንት ሠራተኛ ያለ ሥራ ተቀምጦበት ተጨንቋል። «ጋሽ ተሰማ፣ በጥንቃቄ እንከፍታለን» አለኝ። የጤና ባለሙያዋ ሲስተር ትዕግሥት መጥታ ደንቡን አስተማረችን። ልጆች በር ላይ በሳሙና ይታጠባሉ። ማስክ ያደርጋሉ። በአንድ ወንበር ልዩነት ይቀመጣሉ። ከየመዞሩ በኋላ ወንበሩና ሰንሰለቱ በረኪና በተበጠበጠ ውኃ ይረጫል። ሠራተኛ ጓንት ያጠልቃል። ከወንበር ወንበር የሚዘዋወር ጨርቅ አይኖርም።

ይቺ የመጨረሻዋ ስትነገር እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ጠጉሬ ከወንበር ወንበር ይዘዋወራላ! ሆኖም አፌን አልከፈትኩም። በየቦታው ሳያስፈልግ የሚከፈት አፍ፣ በሚያስፈልግበት ቀን ተዘጋ።

ከመክፈታችን በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ማዞሪያውን አገላብጬ አየሁት። ሁለት ሰንሰለት ለወጥኩ፣ ግራሶ ሞላሁ፣ ማኅበሩ ባዘዘው መሠረት ሁሉንም ቀይ ቀለም ቀባሁ። የከፈትን ቀን ማዞሪያው ደህና ነበር፤ ለዚያ ዛሬም እምላለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ጉዱ። ሲስተር ለአንድ ባልዲ አንድ ሲኒ ያለችውን በረኪና እኔ ሦስት አደረግኩት። ቤቴ ያለችውን እያሰብኩ። ቢበዛ እንጂ ቢያንስ አይጎዳም አልኩ። ከየመዞሩ በኋላ እረጫለሁ፣ በውኃ አላለቀልቅም፣ ፀሐዩ ያደርቀዋል፣ ሌሊት የታኅሣሥ ውርጭ ይወርድበታል። ግቢው እንደ ሐኪም ቤት ይሸት ጀመር። እናቶች «እሰይ፣ ጋሽ ተሰማ ጠንቃቃ!» ሲሉኝ ደረቴ ይነፋል። ጠጉሩ ኪሴ ውስጥ ቀረ፤ ጠዋት ጠዋት ሰንሰለቱን በወፍራም የጎማ ጓንት ዳበስ ዳበስ አደርጋለሁ። ጓንት ምን ያውቃል? ዘነበች «ታይቷል?» ስትለኝ «ታይቷል» እላለሁ። ከ«አይቻለሁ» ወደ «ታይቷል» መቼ እንደ ተንሸራተትኩ አላስተዋልኩም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ነበርኩ።

ጥምቀት ሊገባ ባለበት ሰሞን፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ግቢው ሞላ። ስድስት ልጆች ተቀመጡ። ቃልኪዳን ዘጠኝ ቁጥር ላይ ነበረች፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናትና ከዚያ ወንበር ሌላ አልቀመጥም ትላለች። ቀበቶዋን ያሰርኩት እኔው ነኝ። ሞተሩን አስነሣሁና እንደ አመሌ ጀርባዬን ሰጠሁ።

አራተኛው ዙር ላይ «ቅጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የደረቀ እንጨት ሲሰበር ያህል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ዞር ስል ከዘጠኝ ቁጥር የፊት ሰንሰለቶች አንዱ ተበጥሶ አየሩን ይገርፋል፤ ወንበሩ ወደ ፊት ተዘንብሎ ልጅቷ ግማሽ አካሏ ውጭ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፍሬኑ እጄ ሥር ነበር። የሰው ልብ ወዲያው ያዝ ያዝ ይላል። ግን በዚያ ፍጥነት ድንገት ከያዝኩት ወንበሮቹ እርስ በርስ ይላተማሉ፣ እሷም ትወረወራለች። ማድረግ ያለብኝ ፍሪሲዮኑን ረግጬ ሞተሩን ከምሰሶው መለየትና ክቡ በራሱ ጊዜ እስኪደክም መጠበቅ ነው። መጠበቅ! ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ፤ ግን ሰው እንዴት ቆሞ ይጠብቃል? «ሰንሰለቱን ያዢ! በሁለት እጅሽ ያዢ!» ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ ማስኩ ውስጥ ቀረ። ማስኩን ቦጭቄ ጥዬ ደግሜ ጮህኩ። ሰማችኝ፣ ያዘች። ዘነበች ከቲኬቷ ቤት ወጥታ ሮጠች፤ ወደሚዞረው ወንበር እንዳትገባ ሁለት ሰዎች በወገቧ ያዟት። ኮሮናውን ያን ጊዜ ማን አስታወሰው!

አንድ ዙር ዞረች። ሁለት ዙር። ዓይኗ በየዙሩ ፊቴን ያልፋል። ሦስተኛው ላይ ወንበሩ ወደ መሬት ቀርቦ ነበር፣ ልሮጥ ተነሣሁ። ቀበቶው ከመዘንበሉ የተነሣ ወደ ትከሻዋ ሾልኮ ወጣ፤ እጇ ላብ ነበረውና ለቀቀ። በክርኗ ወደቀች። አልጮኸችም። «እማዬ፣ እኔ አይደለሁም» አለች። ይቺን ቃል እስክሞት አልረሳትም።

ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ደብረ ብርሃን ወስደው ጠገኗት፤ ተርፋለች፣ ተመስገን፣ ግን እስከ ዛሬ ክንዷ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም።

በማግሥቱ ደረጀ ቢሮው ጠራኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «ጋሽ ተሰማ፣ ሰንሰለት ተበጠሰ ብለን ከጻፍን ይሄ በር ዳግም አይከፈትም» አለኝ። «ልጅቷ ቀበቶዋን ፈትታ ተነሣች ብንልስ? ሕፃን ናት፣ ማንም አይጠይቃት። ቅዳሜ ዘጠኝ ቁጥርን ነቅለን በቀሪው እንጀምራለን።» እኔ እሺም እንቢም አላልኩም። ዝምታዬን እንደ እሺ ቆጠረው። ልክ ነው፣ እሺ ነበር።

ሐሙስ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ለጎረቤቷ ስትናገር ሰማሁ፤ «የዘነበች ልጅ ቀበጠች አሉ፤ ቀበቶዋን ፈትታ ቆማ ነው አሉ። እናቷ አላሳደገቻትም!» አንዱ የጤፍ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሽ እንደሻው በሕይወት ኖረው ቢሆን እንዴት እንደሚቆጡኝ አውቀዋለሁ፤ አይጮኹም፣ ድምፃቸው ዝቅ ይላል እንጂ።

አርብ ጠዋት ወደ ዘነበች ቤት ሄድኩ። በአገራችን የበደለ ሰው ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይወድቃል፤ ጉልበት ስሞ ይነሣል። በዚያ ወራት ግን ሽማግሌ ሰብስቦ ሰው ቤት መግባት የለም፣ ጉልበት መሳምም የለም። ድንጋይም አልተሸከምኩም። የተበጠሰውን የዘጠኝ ቁጥር ሰንሰለት አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ከደጇ ሁለት ርምጃ ርቄ ተንበረከክሁ።

ወጣችና አየችኝ። ከኋላዋ ቃልኪዳን በጄሶ የታሸገ ክንዷን ታቅፋ ቆማለች።

«ማሪኝ፣ ዘነበች» አልኩ። «ቀበቶዋ እንደታሰረ ነበር። የተበጠሰው ይሄ ነው። ማየት ያለብኝ እኔ ነበርኩ፣ አላየሁም።»

«ይሄን ለማለት አምስት ቀን ፈጀብህ?» አለች።

«ፈጀብህ» አለችኝ፣ አንተ ብላ። እርስዎ ቀረ። ከስድብ ሁሉ የበለጠ እሱ አመመኝ።

መልስም አልጠበቀችም። «የተበጠሰውን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ መጣህ» አለች፤ «ያልተበጠሱትስ? ነገ የሰው ልጅ ይቀመጥባቸዋል አይደለም? ተነሣና ሂድ እነሱን እይ። የምሕረቱን ነገር ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።» በሩን ዘጋች።

እውነቷን ነበር። አምስት ቀን ሙሉ በኀፍረቴ ተጠምጄ ስለ ቀሪዎቹ ወንበሮች አንዴም አላሰብኩም። በቀጥታ ወደ ግቢው ሮጥኩ። ጓንቱን ወረወርኩ፣ ጠጉሩን አወጣሁ። ከአንድ ቁጥር ጀመርኩ። ቀዩ ቀለም ከላይ ያምራል፤ የሰንሰለቱ ቀለበት ከቀለበት የሚነካካበት ውስጡ ግን በረኪናው ገብቶ በልቶታል። ሦስት ቁጥር ላይ ጠጉሩ ተያዘ። በፒንሳ ጠምዘዝ ባደርገው እንደ ቆሎ ቅጭ ብሎ ተሰበረ። አምስት ቁጥር ላይ ሁለቱ ተያዙ። አሥራ አንድ ላይ ደግሞ አራቱም። ስጨርስ ሰባት ሰንሰለት ቆጠርኩ። ለነገ ልጆች ሊቀመጡባቸው! ሰባቱንም ነቅዬ ደረጀ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው።

«እንዴ! ይሄማ ታይቷል ተብሎ አልነበር?» አለ ደረጀ ደንግጦ።

«ማን አየው?» አልኩት።

ወደ ሰንሰለቶቹ ጎንበስ አለ። እኔ ቀጠልኩ፤

«ስንከፍት እኔ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም አላየውም፤ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። እንዲህ ብለህ ጻፍ። ልጅቷ ቀበቶዋን አልፈታችም። በረኪናውን ያበዛሁት እኔ፣ ያላየሁት እኔ። ስሜን ከነአባቴ ጻፈው። አንተ ካልጻፍክ ገበያ መሐል ቆሜ እለፍፈዋለሁ፤ አፌን ታውቀዋለህ።»

ሰባቱን ሰንሰለት አገላበጠ። አንዱን በጣቱ ሲጫነው ዝገቱ ረገፈ። ከዚያ ወረቀት ሳበና ጻፈ። ቅዳሜ አልተከፈተም።

ለሲስተር ትዕግሥትም ሄጄ ሁሉን ነገርኳት፣ ስለ ጠጉሩም ጭምር። ሰማችኝና «ታዲያ ለየወንበሩ የየራሱን ጠጉር ቢያደርጉለትስ? ሲጨርሱ ያቃጥሉታል» አለች። «በረኪናውንም በነገርኩዎት ልክ፣ ትንሽ ቆይተው በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት። ምነው ያኔ ቢጠይቁኝ፣ አባቴ?» በቃ፣ ይኸው ነው። መልሱ ይቺን ታክል ነበረች። መንዝ ምድር ላይ ጠጉር ጠፍቶ ነው! አንድ ጥያቄ ነው የጠፋው።

አርባ ስምንቱም ሰንሰለት ተለወጠ። በፋሲካ ሰሞን ዳግም ተከፈተ። ሰው መጣ፣ አጥሩን ከቦ ቆመ፣ ሕፃኑ ሁሉ እጁን ታጠበ፣ ወደ ማዞሪያው ግን ማንም ልጁን አልሰጠም። አልፈርድባቸውም። አሥራ ሁለት ወንበር ባዶውን ተንጠልጥሎ እኔ መሐሉ ቆምኩ። እኔ ልቀመጥ ብዬ አስቤ ነበር፤ ታዲያ ማን ያዞራል?

ያን ጊዜ ሰው ገለል ገለል አለ። ዘነበች ነበረች። ከዚያ እሑድ ወዲህ ግቢውን ረግጣ አታውቅም። ቃልኪዳን ከአጥሩ ሥር ቀረች። ዘነበች በር ላይ እጇን ታጠበች፣ ቀጥ ብላ መጥታ ካዘጋጀሁት የጠጉር ቁና አጠገብ ቆመች። ሰላም አላለችኝም። አንድ ቁንጥር ጠጉር አንሥታ አንድ ቁጥርን ያዘች፤ አራቱን ሰንሰለት ከላይ እስከ ታች ቀስ እያለች ሳበችበት። ጠጉሩን ጣለች፣ ሌላ አነሣች፣ ሁለት ቁጥር። ዓመታት ስታየኝ ኖራ ለካ ሥራውን ታውቀዋለች። ዘጠኝ ቁጥር ላይ ስትደርስ ያንን ሁለቴ አየችው። እኔ ጠጉሩን አያለሁ። አልተያዘም። እስከ አሥራ ሁለት ጨረሰች።

ደረጀ ከበሩ ሆኖ በድምፅ ማጉያ «ጋሽ ተሰማ፣ ታይቷል?» አለ።

አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «እኔ አይቻለሁ» አለች። ሄዳ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ተቀመጠች። በዕድሜዋ ማዞሪያ ላይ ወጥታ የማታውቅ ሴት፣ ነጠላዋን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ፣ ቀበቶዋን ራሷ አሰረች።

«ያዙሩ፣ ጋሼ» አለች።

አዞርኩ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ጀርባዬን ሰጥቼ አሥሩን ዙር በጆሮዬ ቆጠርኩ። ስትወርድ ተንገዳገደችና ክንዴን ያዘች፤ ወዲያው ለቀቀችው። «ነገም አያለሁ» አለችኝ። በነጋታውም አየች። በየቀኑ አየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱን ግማሽ እኔ፣ አንዱን ግማሽ እሷ፣ ሳናይ በሩ ተከፍቶ አያውቅም። ቃልኪዳንን ግን ወደ ማዞሪያው አላስጠጋቻትም። እኔም ጠይቄ አላውቅም፤ በምን አፌ!

ባለፈው ወር የመጨረሻ ቀኔ ነበር። ማኅበሩ ጋቢ ሸለመኝ፣ ደረጀ ንግግር አደረገ፣ አበዛው። ሰው ሲበተን ዘነበች አዲስ ጠጉር ይዛ ወደ ዘጠኝ ቁጥር ሄደች። ጠዋት አይተነዋል፤ ደግማ አየችው። ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብላ ተጣራች። ቃልኪዳን መጣች፣ ቁመቷ እናቷን አልፏል፤ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ተቀመጠች። ያ የማይዘረጋ ክንዷ ሰንሰለቱን ሲይዝም ጎበጥ እንዳለ ነው።

«ለሌላ ሰው እጅ አልሰጣትም፣ ጋሼ» አለች ዘነበች። «እርስዎ ሳይሄዱ ያዙሯት።»

ደንቡ አሥር ዙር ነው። አሥራ አምስት አዞርኳት፣ ማንም አልተናገረኝም።